በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ቤት፦ የአንድ ቤት አሻሻጭ 28 ዓመታት በካሊፎርኒያ ምክር ቤት

መነሻ

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቤት በማሻሻጥ ነው የምተዳደረው። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ሐበሾች ናቸው። አንድ ቅዳሜ፣ ሌመርት ፓርክ አካባቢ ቤት ለሚገዙ ባልና ሚስት የሰነድ ክምር ይዤ ሄድኩ። ቤቱ በ1920ዎቹ መጨረሻ የተሠራ ነው። የልጅቷ እናት ቡና አቅርበው ነበር። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያገላበጥን የመጀመሪያው የቦታው ሰነድ ፎቶ ኮፒ ጋ ደረስን። የታይፕ ጽሑፉ ደብዝዟል። ስለ አጥርና ስለ ከብት ማርባት የሚያወራው አንቀጽ ሲያልቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ይከተላል። ከነጭ ዘር በስተቀር ማንም ሰው በዚህ ቦታ ላይ መኖር አይችልም ይላል። ወረድ ብሎ ደግሞ የቤት ሠራተኛ ከሆነ ይፈቀዳል ይላል።

ልጅቷ አነበበችውና ወረቀቱን ወደ ባሏ ገፋ አደረገችው። እናትየው "ምን ይላል?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ጀበናውን ማቶቱ ላይ መልሰው አስቀመጡና "ታዲያ እኛ በምን ገባን?" አሉኝ።

"እማማ፣ ይሄ እኮ ከተሻረ ቆይቷል" አልኳቸው።

መልሱ ትክክል ነው። ግን መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሳስበው፣ ማን እንደሻረውና እንዴት እንደተሻረ በወጉ አላውቅም። ለሥራ ፈቃዴ ሳጠና ሕጎቹን ከነዓመታቸው ሸምድጃለሁ። ከሕጎቹ ጀርባ ስላሉት ሰዎች ግን የጠየቀኝም የነገረኝም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ባገኘኋት ትርፍ ሰዓት ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። ሳነብ ከእኔው ሙያ የወጡ አንድ የምክር ቤት አባል አገኘሁ። የእሳቸው ጉዳይ ተለይቶ መጻፍ አለበት ብዬ አመንኩ።

ስሞችን ትቻለሁ። የምጽፈው ስለ መንገዱ ስለሆነ ስም አያስፈልገኝም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየው

በ1907 ሉዊዚያና ውስጥ ሽሪቭፖርት ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ፋርማሲስት ነበሩ። የአባታቸው አባት እንግሊዛዊ ናቸው። ቤተሰቡ የደቡቡን የዘር መድልዎ ሸሽቶ ወደ ሎስ አንጀለስ ሲመጣ እሳቸው ገና ልጅ ነበሩ። በ1926 ከጄፈርሰን ሃይስኩል፣ በ1931 ደግሞ ከዩሲኤልኤ በኢኮኖሚክስ ተመረቁ።

እዚህ ላይ ቆም ልበልና አንድ ነገር ልናገር። መልካቸው ቀይ ነበር፤ በጣም ቀይ። ዕድሜ ልካቸውን ሰዎች ነጭ እየመሰሏቸው ይሳሳቱ ነበር። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ መልክ የነበራቸው አንዳንድ ጥቁር አሜሪካውያን ዘመዶቻቸውን ትተው፣ ሰፈር ቀይረው፣ ነጭ ሆነው ኖረዋል። እኚህ ሰው ቢፈልጉ ኖሮ እኔ በዚያ ቅዳሜ ያነበብኩት ዓይነት ሰነድ ያለው ቤት ገዝተው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው መኖር የሚችሉ ይመስለኛል። አላደረጉትም። በሕዝብ አገልግሎት የቆዩባቸውን 56 ዓመታት በሙሉ የጥቁር ሰፈር ተመራጭ ሆነው ነው የሠሩት። ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው ይሄ ነው።

ወደ ሥራቸው ልመለስ። ፍላጎታቸው ሲቪል ኢንጂነሪንግ መማር ነበር። ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መጣና ገንዘቡ ጠፋ። ከወንድማቸው ጋር ሆነው የሪል እስቴት ቢሮ ከፈቱ። ጎን ለጎን በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ስለ መንግሥት አስተዳደር ትምህርት ይከታተሉ ነበር።

በ1934 ለካሊፎርኒያ የታችኛው ምክር ቤት ተወዳደሩ። 27 ዓመታቸው ነበር። ወንበሩን የያዙት ሰው ለምክር ቤቱ የተመረጡ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሲሆኑ፣ 16 ዓመት ቆይተዋል። ሪፐብሊካን ነበሩ። ወጣቱ ቤት አሻሻጭ ዴሞክራት ሆነው ገቡ። ከዋና መከራከሪያቸው አንዱ "እኚህ ሰው ወንበሩ ላይ በዝተዋል" የሚል ነበር። አሸነፉ። በ1935 መጀመሪያ የግዛቱ ዋና ከተማ ሳክራሜንቶ ገቡ።

ችግሩ

የቤት ሥራ የማያውቅ ሰው መድልዎ ሲባል በሩን የሚዘጋ አንድ ክፉ ሻጭ ይታየዋል። ሙያው ውስጥ ያለ ሰው ግን ነገሩ በወረቀት ላይ የተሠራ መሆኑን ያያል።

ቀዳሚው ወረቀት ያ የቤቱ ሰነድ ነው። ሌላው የአሻሻጮቹ የራሳቸው ደንብ ነው። የአገሪቱ የቤት አሻሻጮች ማኅበር በ1924 ባወጣው የሥነ ምግባር ደንብ፣ የንብረት ዋጋ ይቀንሳል ተብሎ የሚታሰብ ዘር ወይም ብሔር ወደ አንድ ሰፈር እንዲገባ ምክንያት መሆንን ይከለክል ነበር። ልብ በሉ፣ ጥፋት ተብሎ የተጻፈው ለጥቁር ቤተሰብ ቤት ማሻሻጥ ነው። ጥቁር አሻሻጮች ራሳቸው ማኅበሩ ውስጥ አይገቡም ነበር። ስለዚህ የማኅበሩ አባላት ብቻ የሚጠሩበትን "ሪልተር" የሚለውን ስም መጠቀም አይችሉም። በ1947 የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው ራሳቸውን "ሪልቲስት" አሉ። ዛሬ እኔ ደረቴ ላይ የምለጥፈው ምልክት በዚያ ዘመን ለእኔ ዓይነቱ ሰው ዝግ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ግን የብድሩ ወረቀት ነው። ከ1934 ጀምሮ የፌዴራሉ መንግሥት የቤት ብድር ዋስ መሆን ጀመረ። በዚህ ምክንያት ተራ ሠራተኛ በአነስተኛ ቅድሚያ ክፍያና በረጅም ጊዜ ብድር ቤት መግዛት ቻለ። ትልቅ በረከት ነበር። ሆኖም የመንግሥቱ መሥሪያ ቤት የገማቾች መመሪያ ዘር የተቀላቀለበትን ሰፈር አደገኛ ይለው ነበር። በሰነድ ላይ የዘር ክልከላ እንዲኖርም ይመክር ነበር። መንግሥት ራሱ ክልከላውን አሳምሮ አስቀጠለ ማለት ነው።

በዚህ መሃል ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። የመርከብና የአውሮፕላን ፋብሪካዎች ሰው ጠሩ። በ1940 ሎስ አንጀለስ ከተማ ውስጥ ወደ 64 ሺሕ የሚጠጉ ጥቁር ነዋሪዎች ነበሩ። በ1950 ወደ 171 ሺሕ ደረሱ። ሕዝቡ ከእጥፍ በላይ ሲያድግ መኖር የሚፈቀድለት ቦታ ግን እዚያው የጥቁሮች ሰፈር በሆነው ሴንትራል አቬኑ ዙሪያ ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948 ፍርድ ቤቶች የዘር ክልከላ ያለበትን ሰነድ እንዳያስፈጽሙ ወሰነ። ጥሩ ውሳኔ ነው። ነገር ግን ሻጩ አልሸጥም ቢል፣ አሻሻጩ አላሳይም ቢል፣ ባንኩ አላበድርም ቢል ውሳኔው የሚለው ነገር አልነበረም።

የፖለቲካው ችግር ደግሞ ለብቻው ነው። ምክር ቤቱ 80 አባላት አሉት። ከ1935 ጀምሮ ለ14 ዓመታት ያህል እሳቸው ብቸኛው ጥቁር አባል ነበሩ። ከታችኛው ምክር ቤት ያለፈ ረቂቅ ሴኔት መግባት አለበት። የዚያን ጊዜው ሴኔት የተዋቀረው በሕዝብ ብዛት ሳይሆን በካውንቲ ነበር። ከ40 ሴናተሮች ሎስ አንጀለስ ካውንቲ የነበረው አንድ ብቻ ነው። በ1960 ካውንቲው ወደ 6 ሚሊዮን ሕዝብ ነበረው፤ ከግዛቱ ሕዝብ ከሦስት አንድ በላይ ማለት ነው። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ሰው! የገጠር ካውንቲ ሴናተሮች ደስ ያላላቸውን ረቂቅ ኮሚቴ ውስጥ ቀብረው ያስቀሩት ነበር።

የተወሰዱት እርምጃዎች

መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ለእኔ ያልጠበቅኩት ሆኖ ነው ያገኘሁት። የሁሉም ድሃ ችግር የሆነውን አስቀደሙ። የአረጋውያን ጡረታ፣ የሕፃናት ማቆያ፣ በአነስተኛ ዋጋ የሚሠራ ቤት፣ ያረጁ ሰፈሮችን ማደስ። ከገጠር የመጣ ነጭ የምክር ቤት አባል ለአረጋውያን ጡረታ ከእሳቸው ጋር እጁን ያወጣል። እጅ ለእጅ መተዋወቅ የሚጀመረው እንዲህ ነው።

ካቀረቧቸው ረቂቆች መካከል አንዱ የቤት ሠራተኞች ሥራ ላይ ሲጎዱ ካሣ እንዲያገኙ የሚል ነበር። ይህን ሳነብ ያ የደበዘዘ ዓረፍተ ነገር ትዝ አለኝ። ሰነዱ ጥቁር ሰው በዚያ ቤት እንዲያድር የፈቀደው የቤት ሠራተኛ ሲሆን ብቻ ነው። ሰውየው ደግሞ ለዚያች ሠራተኛ፣ ከደረጃ ወድቃ እጇ ቢሰበር ማን ያሳክማታል ብለው ጠየቁ። በልጅነቴ አዲስ አበባ ውስጥ ለሰው ቤት ሲሠሩ ያረጁ ሴቶች አውቃለሁ። እንደዚህ ብሎ የጠየቀላቸው ሰው መኖሩን አላስታውስም።

ቀጥሎ የመጣው የሥራ ቅጥር መድልዎን የሚከለክለው ረቂቅ ነው። በ1940ዎቹ ማቅረብ ጀመሩ። ወደቀ። እንደገና አቀረቡ። እንደገና ወደቀ። በ1946 እሳቸውና አጋሮቻቸው ምክር ቤቱን ትተው ጉዳዩን በቀጥታ ለመራጩ ሕዝብ ድምፅ አቀረቡት። ከሦስት መራጮች ከሁለት በላይ የሚሆኑት እንቢ አሉ። ክፉኛ ነው የተሸነፉት። ተቃዋሚዎችም በየስብሰባው "ሕዝቡ እኮ ተናግሯል" የሚሉበት መሣሪያ አገኙ።

ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜ በጽሑፍ ላይ ብዙም አይደምቅም። ረቂቅ ማስገባት፣ ምስክር ማቅረብ፣ መሸነፍ፣ በቀጣዩ ጉባኤ እንደገና መመለስ ነው። በ1948 ሁለተኛ ጥቁር አባል ተመረጡ፤ ከበርክሌይ የመጡ ፋርማሲስት ናቸው። ሁለቱ ተጋግዘው ቀጠሉ። እኚህ ሰው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚናገሩ አልነበሩም። በኋላ ላይ "ዝምተኛው ተዋጊ" የሚል ቅጽል ስም ወጣላቸው።

ጽናታቸው በምክር ቤቱ ውስጥ ክብር አስገኘላቸው። በ1958ቱ ምርጫ ዴሞክራቶች ሁለቱንም ምክር ቤቶችና የገዥውን ቢሮ ያዙ። እሳቸው ለአፈ ጉባኤነት ተወዳደሩ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከገዥው ቀጥሎ ትልቁ ሥልጣን ነው። ተሸነፉ። ያሸነፏቸው ሰው ግን ገፍተው አልጣሏቸውም፤ ጠንካራውን የደንብ ኮሚቴ ሊቀመንበርነት ሰጧቸው። ብዙ ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ያኮርፋል። እሳቸው ሊቀመንበርነቱን ተቀብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

1959

በዚያ ዓመት ሦስት በሮች በአንድ ጉባኤ ተከፈቱ። የሥራ ቅጥር መድልዎን የሚከለክለው ሕግ ከስንት ዓመት ውድቀት በኋላ አለፈ። የንግድ ድርጅቶች ደንበኛን በዘር እንዳይለዩ የሚደነግግ የሌላ አባል ሕግም አለፈ። ሦስተኛው የእሳቸው የቤት ሕግ ነው፤ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

የቤት ሕጉን ቀረብ ብለን እንየው። "በካሊፎርኒያ ውስጥ ማንም ሰው ቤት ሲሸጥ ዘር አይለይ" አላለም። እንዲህ ቢል ሴኔት ውስጥ በአንድ ከሰዓት ይሞት ነበር። ሕጉ የያዘው የመንግሥት ድጋፍ ያለበትን ቤት ነው። መንግሥት የሠራው ቤት፣ መንግሥት ብድሩን ዋስ የሆነለት ቤት፣ ለጦር ሠራዊት ተመላሾች በተሰጠ ብድር የተገዛ ቤት። በእነዚህ ቤቶች ዘር መለየት ክልክል ሆነ።

ክርክሩ ቀላል ነው። የመንግሥት ገንዘብ የሁሉም ግብር ከፋይ ገንዘብ ነው። ጥቁሩ ሠራተኛ ከፍሎ ለተደገፈ ቤት፣ ጥቁሩ ሠራተኛ አይገባም ማለት አይቻልም። "የግል ንብረቴ ነው፣ መንግሥት ምን አገባው?" ለሚል ሰው መልሱ ተዘጋጅቷል። መንግሥትማ በብድሩ በኩል አስቀድሞ ገብቷል።

አንድ የቤት ፋይል ስከፍት ከወረቀቱ ሁሉ የሚወፍረው የብድሩ ነው። ገዢው ፎቶውንና የመኝታ ቤቱን ቁጥር ያያል። እኔ ማን አበደረ፣ ማን ዋስ ሆነ የሚለውን አያለሁ። ይህ የሙያ ልማድ ነው። በዚያ ሕግ ላይ የቤት አሻሻጭ ዓይን አለበት ብዬ የማምነው ለዚህ ነው። መድልዎን የሚያሰፋው ወረቀት የቱ እንደሆነ ያውቁ ነበር። ክልከላውን ያኖሩትም እዚያው ወረቀት ላይ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በየዳርቻው የተሠሩት አዳዲስ ሰፈሮች በዚህ ብድር የቆሙ ስለነበሩ ነገሩ ትንሽ አልነበረም።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

ሕጉ መርሕ ተከለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ የቤት መድልዎ የሕግ ጉዳይ መሆኑ ከዚያ በኋላ ለዘለቄታው አልተመለሰም። በ1963 የበርክሌዩ ባልደረባቸው ሰፋ ያለ ሕግ ሲያቀርቡ ከዚህ ላይ ነው የተነሱት።

ሲሠራ ያልታየው ግን አፈጻጸሙ ነው። በ1959ኙ ሕግ የተበደለው ሰው ራሱ ፍርድ ቤት መሄድ ነበረበት። ይህን እንደ ባለሙያ ሳየው ያመኛል። ቤት አይጠብቅም። ዛሬ ለገበያ የወጣ ቤት በሁለት ሳምንት ውስጥ ሊሸጥ ይችላል። አንድ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ጠበቃ ፈልጎ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ ከሥራ ቀርቶ ቀጠሮ እስኪደርሰው፣ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው መጋረጃ ሰቅሏል። ለልጆቹ ትምህርት ቤት መፈለግ ያለበት አባት ደግሞ ለመርሕ ብሎ ዓመት አይሟገትም። ሌላ ሰፈር ሄዶ ይከራያል።

የ1963ቱ ሕግ ይህን አስተካከለ። አቤቱታውን የሚመረምር የመንግሥት ኮሚሽን ሰጠው። ከአራት በላይ መኖሪያ ያላቸውን አፓርታማዎችም ጨመረ። ያለፈውም በጭንቅ ነው። ሰላማዊ ሰልፈኞች ምክር ቤቱ በሚሰበሰብበት ሕንፃ፣ ካፒቶሉ ውስጥ፣ ወለል ላይ ተኝተው እያደሩ፣ በጉባኤው የመጨረሻ ሌሊት ጸደቀ። በዚያን ጊዜ የእኛ ሰው ሳክራሜንቶ አልነበሩም። በ1962 ለዋሽንግተኑ ኮንግረስ ተመርጠው ሄደዋል፤ ከካሊፎርኒያ የመጀመሪያው ጥቁር ተወካይ ሆነው።

አጸፋው የመጣው ከገዛ ሙያቸው ሰፈር ነው። የካሊፎርኒያ የቤት አሻሻጮች ማኅበር ፊርማ አሰባሰበ። በኅዳር 1964 አንድ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ። ባለንብረት ለፈለገው የመሸጥ፣ ላልፈለገው የመከልከል መብቱን መንግሥት አይነካበትም የሚል ነበር። በቃሉ ከተነበበ የ1959ኙንም የቤት ሕግ የሚውጥ ነው። ወደ 65 በመቶ የሚሆነው መራጭ ደገፈው። በዚያው ቀን ያው መራጭ ሕዝብ የሲቪል መብት ሕጉን ለፈረሙት ፕሬዚዳንት ድምፅ ሰጥቷል። ሰው ለሩቁ አገር ፍትሕን ይወዳል፤ ለጎረቤት ቤት ሲሆን ግን ልቡ ይከብዳል። ይህን ቁጥር ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ።

የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1966 ማሻሻያውን ሻረው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1967 ሽረቱን አጸደቀ፤ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ። አንድ ዳኛ ሐሳቡን ቢለውጥ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር።

በእነዚህ ዓመታት መካከል፣ በነሐሴ 1965 ዋትስ የሚባለው የሎስ አንጀለስ የጥቁሮች ሰፈር ተቃጠለ። የእሳቸው ምርጫ ክልል ነው። በስድስት ቀን 34 ሰው ሞተ። የተነሳው በአንድ የፖሊስ ፍተሻ ነው። ከሥሩ ግን ሥራ አጥነት፣ የፖሊስ ጭካኔ፣ የተጨናነቀ ቤትና መውጫ የሌለው ሰፈር ነበረ። 30 ዓመት ሙሉ የሠሩለት ሰፈር በእሳት ሲነድ ማየት ምን ማለት እንደሆነ እኔ ልገምት አልችልም። የ1959 ሕግ ያን ሰፈር ለመክፈት አልበቃም። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ጉዳዩን ማሳመር ይሆንብኛል።

ከዚያ በኋላ

ኮንግረስ ውስጥ 28 ዓመት ቆዩ። በ1964ቱ የሲቪል መብት ሕግ ውስጥ የሥራ ቅጥር መድልዎን የሚከታተለው ኮሚሽን እንዲቋቋም ከሠሩት ዋነኞች አንዱ ናቸው። ዛሬ አንድ የታክሲ ሾፌራችን ልጅ በስሟ ወይም በቆዳዋ ቀለም ምክንያት ሥራ ብትከለከል አቤት የምትለው እዚያ ነው። ከአንድ ሴናተር ጋር ያቀረቡት የሙሉ ቅጥር ሕግ በ1978 አለፈ። እሳቸው የፈለጉት ጥርስ ያለው ሕግ ነበር፤ የወጣው ጥርሱ የወለቀ ነው። ከ1984 ጀምሮ የትምህርትና ሥራ ኮሚቴውን መሩ። በጥር 1991 ጡረታ ወጡ። በ2007 መቶ ዓመታቸውን ደፍነው አረፉ።

ለእኛ የሚወሰደው

ይህን የምጽፈው በተለይ ለሐበሻ የቤት አሻሻጮችና ወደ ምርጫ ለመግባት ለሚያስቡ ወገኖቼ ነው። በየስቴቱ ለከተማ ምክር ቤትና ለግዛት ምክር ቤት የሚወዳደሩ ልጆቻችን እየታዩ ነው። ብዙዎቻችን ደግሞ ሕዝብ የምንገናኘው በዚሁ በቤት ሥራ ነው።

የመጀመሪያው ነገር፣ የሕዝብ ገንዘብ የት ገባ ብሎ መጠየቅ ነው። ጠቅላላውን ክፋት በአንድ ሕግ ለመከልከል ከመነሳት በፊት፣ ክፋቱ በመንግሥት ገንዘብ የሚቆምበትን ቦታ ማግኘት ያዋጣል። ለኪራይ ቤት፣ ለትምህርት ቤት፣ ለአየር ማረፊያ ታክሲ ተራ፣ ለሁሉም ይሠራል። ውል አለ? ድጎማ አለ? ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው? እጃችሁን እዚያ ላይ አሳርፉ።

ረቂቁ የሚሞትበትን ክፍል ማወቅም አለ። እሳቸው የሚሸነፉት በአዳራሹ ክርክር ብቻ አልነበረም። ሴኔቱ የተዋቀረበት መንገድ ራሱ እንቅፋት ነበር፤ እሱ የተለወጠውም ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1964 የአንድ ሰው ድምፅ እኩል ይሁን ብሎ ከወሰነ በኋላ ነው። ስለዚህ በሚችሉት በኩል ሄዱ። ጓደኛ አፈሩ፣ ኮሚቴ ያዙ፣ ጊዜው እስኪደርስ ረቂቁን በሕይወት አቆዩት። የእኛ ማኅበራት ብዙ ጊዜ አንድ ሰልፍ ወጥተን፣ አንድ ደብዳቤ አስገብተን፣ መልስ ሲጠፋ እንበተናለን። የሚቀጥለው ጉባኤ ሲከፈት ያንኑ ደብዳቤ ይዞ የሚመለስ ሰው ያስፈልገናል።

ያለጊዜው ወደ ሕዝብ ድምፅ መሄድ ምን እንደሚያስከፍል 1946 አሳይቷል። እኔ በበኩሌ ያ ውሳኔ ስህተት ነበር እላለሁ። ተቃራኒ ሐሳብ ያላቸውም አሉ፤ ዘመቻው ማኅበራቱን አደራጅቷል ይላሉ። ያም እውነት አለው።

አፈጻጸሙን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። አንድ ሕግ ሲረቀቅ የመጀመሪያው ጥያቄዬ፣ ሸክሙ የማን ትከሻ ላይ ነው የሚለው ሆኗል። በተበዳዩ ትከሻ ላይ ከሆነ ሕጉ ገና ግማሽ ነው።

አሁን ወደ ሚያስቸግረው ልምጣ። ቤት የሚያሻሽጥ ሰው ስለ ቤት ሕግ ድምፅ መስጠት አለበት? በእሳቸው ዘመን የካሊፎርኒያ ምክር ቤት አባልነት የሙሉ ጊዜ ሥራ አልነበረም። አባላቱ ገበሬም ጠበቃም ነጋዴም ነበሩ። ንብረትን በግልጽ የማሳወቅ ግዴታ በጠንካራ ሕግ የመጣው በ1974 ነው። ዛሬ ተመራጭ ሁሉ በየዓመቱ ቅጽ 700 የሚባለውን ይሞላል፤ ከግል መኖሪያው በቀር በሥልጣን ክልሉ ውስጥ ያለው ቤትና መሬት እዚያ ላይ ይሰፍራል። የእኚህ ሰው ታሪክ ሙያው ለበጎ ሲውል ያሳያል፤ ሕጋቸው የሙያው ኃያላን ያልወደዱት ነበር። ያው ዕውቀት ግን የራስን መሬት ዋጋ ለማስጨመር ሊውል ይችላል። ከእኛ መካከል የሚወዳደር አሻሻጭ ካለ ምክሬ አንድ ነው። ያላችሁን ንብረት፣ የወንድማችሁንና የሸሪካችሁን ጭምር፣ ማንም ሳይጠይቃችሁ በመጀመሪያው ቀን ተናገሩ። ሰፈራችን ትንሽ ነው፤ ሐሜት ከቅጹ ይቀድማል።

የቆይታቸውን ነገር እስካሁን አልወሰንኩም። 16 ዓመት በዛ ብለው የተመረጡ ሰው 56 ዓመት አገለገሉ። ቢወጡ ኖሮ የ1959ኙ ድል አይገኝም ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የተገኘው 24 ዓመት ከቆዩ በኋላ ነውና። ሆኖም እሳቸው ያሸነፏቸው ሰውም እንዲሁ አስበው ይሆናል።

ያ ቤት

ባልና ሚስቱ ቤቱን ገዙ። ካሊፎርኒያ በ2021 ባወጣችው ሕግ መሠረት እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር መኖሩን የሚያውቅ አሻሻጭ ለገዢው መናገር አለበት። ገዢው ከፈለገ ዓረፍተ ነገሩ እንዲሰረዝ ቅጽ ሞልቶ ለካውንቲው መዝገብ ቤት ያስገባል። የካውንቲው ጠበቃ አይቶ ሲስማማ የተስተካከለው ሰነድ ይመዘገባል። እኔ አሁን ከመፈራረሙ ቀን በፊት የድሮውን ገጽ ራሴ ፈልጌ አወጣለሁ፤ ደንበኛዬ በድንገት እንዳያገኘው።

ቅጹን የሞላነው እዚያው የቡናው ጠረጴዛ ላይ ነው። እናትየው "የድሮውን ይጥሉታል እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ። እንደማይጣል፣ ካውንቲው ያልተሰረዘበትን ቅጂ የማቆየት ግዴታ እንዳለበት ነገርኳቸው። "ይቀመጥ" አሉ። ሦስተኛውን ቀዱልኝ።